ማንቆርቆሪያውና ቧንቧው

በብዙ መስጊዶቻችን ከውዱእ ቧንቧዎቹ በላይ ግድግዳው ላይ «ውሃ አታባክኑ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ከጽሑፉ ሥር ደግሞ ሰው ራሱን እስኪያብስ፣ እግሩን እስኪያጥብ ድረስ ውሃው ያለ ከልካይ ይወርዳል። ስለ ኢስራፍ ዱዓቶቻችን ብዙ ተናግረዋል፤ ዘወትር የሚወቀሰውም ሰጋጁ ነው። ይሁንና አንድ ተወቃሽ ሳይነሳ ቀርቷል፤ እርሱም ቧንቧው ራሱ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሙድ ማለት መካከለኛ ሰው ሁለት እጁን ገጥሞ የሚዘግነው ልክ ነው፤ በዛሬው መለኪያ ከአንድ ሊትር የሚያንስ ሲሆን በሐነፊዮች ስሌት አንድ ሊትር ያህል ይደርሳል። እንግዲህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢያንስ ወደ ሃያ ሰው ውዱእ ሊያስደርግ ይችላል ማለት ነው።

አባቶቻችን ለዚህ ልክ ይቀርቡ የነበረው ከእኛ የበለጠ ተቅዋ ስለነበራቸው ብቻ አይመስለኝም። ማንቆርቆሪያው ያግዛቸው ነበር። ማንቆርቆሪያ ሲያዘነብሉት ይፈሳል፣ ሲያቀኑት ያቆማል። ሰውየው ፊቱን ሊያሽ ሲል መሬት ያስቀምጠዋል፤ ባስቀመጠው ቁጥር ውሃው ይቆማል። ክብደቱም ምን ያህል እንደቀረ ለእጅ ይናገራል። ልጅ አባቱን ወይም እንግዳን ሲያስታጥብ ደግሞ ዐይኑ ከእጃቸው ላይ ነው፤ የውዱእን ተራ የሚማረውም ያኔ ነበር። ቧንቧ ሲገባ ይህች ትምህርት ቤት መዘጋቷን ልብ ያለው ጥቂት ነው።

ቧንቧ ተቃራኒው ነው። በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ በርካሽ የሚገኘው ተጠምዝዞ የሚከፈት ሲሆን አንዴ ከከፈቱት መልሰው እስኪጠመዝዙት ይፈሳል። ጎማው ሲያልቅ ደግሞ በእርጥብ እጅ አጥብቀው ካልዘጉት ይንጠባጠባል። በአንድ ውዱእ ውስጥ ይህን አምስት ስድስት ጊዜ የሚደጋግም ሰው የታለ? ያንኑ ሰው አውቶቡስ ተራ አጠገብ እዩት፤ በአንድ ሃይላንድ ውሃ ውዱኡን አሟልቶ፣ ከተረፈችው ይጠጣል። ሰውየው አልተለወጠም፤ የያዘው ዕቃ ነው የተለወጠው።

በዐረብኛ የውሃ ቧንቧ መክፈቻ «ሐነፊያ» ይባላል። በካይሮ ቧንቧ ወደ መስጊድ ሲገባ ቀድመው የፈቀዱት የሐነፊ ዐሊሞች ስለነበሩ ስሙ በዚያው ቀረ ተብሎ ይተረካል። ትረካው ቢያንስ አዲስ ዕቃ መስጊድ ሲገባ ጥያቄ ይነሳ እንደነበር ያስታውሰናል። እኛ ዘንድ ጥያቄው የዋጋ ብቻ ሆኗል።

ነገሩ በአዳማ ሲሆን ይከብዳል። ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ የበዛበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ስኳር ፋብሪካው በ1954 (እ.ኤ.አ.) ሥራ በጀመረባት በወንጂ፣ ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ ከጠጡት ሠራተኞች መካከል ጥርሳቸው ከመበለዝ አልፎ አጥንታቸው የተጎዳ መኖሩን ሐኪሞች መዝግበዋል። ስለዚህም ለአዳማ ከአዋሽ ወንዝ ውሃ ተስቦ፣ ተጣርቶ፣ በፓምፕ ተገፍቶ ይመጣል። ከውዱእ ቦታችን ወደ ቦይ የሚሄደውም ይኸው ብዙ የተደከመበት ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እናት ቧንቧውን ከፍታ፣ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጣ ትተኛለች፤ ባልዲው ሲንጣጣ ትነቃለች። በመቂና በዓለም ጤና በአህያ ጋሪ የመጣ ጀሪካን የሚገዛ ቤተሰብማ ስለ ውሃ ልክ ስብከት አያስፈልገውም።

ወደ ማንቆርቆሪያ እንመለስ አልልም፤ ለጁሙዓ ሕዝብ አይበቃም። ግን ሌላ ዓይነት ቧንቧ አለ። ተጭነው ሲለቁት በራሱ የሚዘጋው አንዱ ነው፤ ጉድለቱ አንዳንዱ ቶሎ ስለሚዘጋ አንድ እጅ ይዞ መቅረቱ ነው፤ ውዱእ ደግሞ ሁለት እጅ ይፈልጋል። የበለጠው በእግር የሚረገጠው ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የየሰፈሩ ብየዳ ቤቶች ሠርተውት በየመሥሪያ ቤቱ በር አይተነዋል። እግር ሲነሳ ውሃው ይቆማል፤ ልክ እንደ ማንቆርቆሪያው። እርግጥ ለእጅ መታጠቢያ የታሰበ ስለሆነ እግር ለማጠብ አይመችም፤ መቀመጫ ተጨምሮበት መርገጫው በግራም በቀኝም ቢሆን ግን ለአንድ በያጅ የቀናት ሥራ ነው። ወረርሽኙ ሲረግብ ብዙው ዝጎ ተጣለ፤ ወደ መስጊድ እናምጣው ያለ ሰው አልገጠመኝም። ኮሚቴዎቻችን ስለ ሚናራው ቁመትና ስለ ምንጣፉ ቀለም ሌሊት ተቀምጠው ይመክራሉ፤ ቧንቧውን የሚመርጠው ግን ሱቅ የተላከው ልጅ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው የሴቶቹ በኩል ነው። ብዙ ጊዜ ከመጸዳጃው በር አጠገብ የተተከሉ አንድ ሁለት ቧንቧዎች ናቸው፤ መቀመጫ የላቸውም፣ ልብስ ማንጠልጠያም የለም። እናት በአንድ እጇ ሕፃን ይዛ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በሌላው እጇ ስትታጠብ ቧንቧው ተከፍቶ ይቆያል፤ በምን እጇ ትዝጋው? ከራሷ በላይ ጽሑፉ አለ። ቧንቧው ሲተከል ግን አስተያየቷን የጠየቃት የለም።