የእንግሊዝኛ ትምህርት መርጃ መሣሪያዎችን ስለ መዋዋስ፤ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ልማድ ላይ የቀረበ ሒስ

እንደሚታወቀው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፥ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ የሌላው ትምህርት ሁሉ ማስተማሪያ እንዲሆን ወስኗል። በአዲስ አበባ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ልማድ ይህን ወሰን ወደ 7ኛ ክፍል ዝቅ ያደርገዋል። በገርጂ ወይም በኮተቤ የሚማር የ13 ዓመት ልጅ እንግዲህ እስከ ትናንት በአማርኛ ያጠናውን ሳይንስ ዛሬ በእንግሊዝኛ ያገኘዋል ማለት ነው። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በይፋ በተነገረ ጊዜ ሁሉም የየራሱን ምክንያት ሰጥቷል። ፈተናው በእንግሊዝኛ መሰጠቱን ብቸኛው ምክንያት ነው ማለት ስሕተት ይሆናል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ አይደለም የሚል ግን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ይህን ቋንቋ የሚያስተምሩት ሰዎች ምን መርጃ መሣሪያ አላቸው፥ እርስ በርሳቸውስ ምን ይዋዋሳሉ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መዋዋሱ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በደርግ ዘመን የአውራጃ ፔዳጎጂ ማእከሎች ተቋቁመው በአካባቢው ከሚገኝ እንጨት፥ ካርቶንና ጨርቅ መርጃ መሣሪያ ይሠራባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ጉድኝት የሚባለው አሠራር መጣ፤ ይኸውም ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በአንድ ተቧድነው፥ ከመካከላቸው የተሻለ ዕቃና ክፍል ያለው ማእከል ይሆንና ለሌሎቹ ያበድራል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ይህን ለመንቀፍ አልተነሣሁም።

የሚነቀፈው አፈጻጸሙ ነው። ለጉድኝቱ የገባ የቃላት ካርድና የግድግዳ ሥዕል በሞዴል 19 ገቢ የሆነ የመንግሥት ንብረት ነው፤ በሞዴል 22 ፈርሞ የወሰደው አስተማሪም ቢጠፋበት ተጠያቂ ነው። ሥዕሉን 60 ልጆች ባሉበት ክፍል ከእጅ ወደ እጅ ያዘዋወረ ሰው ሳይቀደድ ይመልሰዋል ተብሎ አይታሰብም። ብልኁ አስተማሪ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ አይወስድም። ዐሥር ዓመት ሙሉ ንጹሕና ሙሉ ሆኖ በቁም ሣጥን የተቀመጠ የፊደል ካርድ ለንብረት ክፍል የምስጋና ምክንያት ሲሆን፥ ለእንግሊዝኛ ትምህርት ግን የክስ ማስረጃ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት፥ በተለምዶ ፕላዝማ የተባለው፥ ይህን ችግር በአንድ ጊዜ የዘለለው መስሎ ነበር። መጥፋትም መቀደድም የለ፤ አንዱ ትምህርት በአንድ ሰዓት ለመላው አገር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይደርሳል። ጥሩ አነጋገር ሰምቶ ለማያውቅ ተማሪ ጥቅም እንደነበረው መካድ አይገባም። ዳሩ ግን ስርጭቱ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ይወስድና አስተማሪው መግቢያና መደምደሚያ ተናጋሪ ሆኖ ይቀራል። ቴሌቪዥኑ ይጠይቃል፤ ጥቂት ዝም ይላል፤ የአያት ልጅ ይመልስ አይመልስ ሳያውቅ ይቀጥላል። ቋንቋ ደግሞ ከሁሉ በፊት መልስ የሚሰማ ሰው የሚፈልግ ነገር ነው።

ዛሬ የመዋዋሻው ስፍራ ቴሌግራም ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል የታተመው መጽሐፍ በጊዜው ስላልደረሰ፥ አስተማሪውም ተማሪውም መጽሐፉን በስልኩ ለመያዝ ተገደደ። ከዚያ ወዲህ የቦሌ የግል ትምህርት ቤት ወርክ ሺት በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ላለው የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ በአንድ ሌሊት ይደርሰዋል። ሞዴል 22 አያስፈልገውም። ይህ በእውነት ትልቅ ነገር ነው፤ አባቶቻችን አስተማሪዎች ቢያዩት ይቀኑ ነበር። ነገር ግን ከሚላከው ውስጥ ብዙው ያለፈ ዓመት ፈተናና የሰዋስው ማስታወሻ ነው፤ ንግግር የሚያስጀምር መልመጃ ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሆን በሌላ ክፍል ተሞክሮ ምን እንደ ሆነ የሚገልጽ አንድ ቃል አይከተለውም።

ምሳሌ ልስጥ። በእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት ዘንድ እጅግ የተለመደ አንድ መልመጃ አለ፤ መንገድ መጠየቅና ማመልከት ነው። ለሁለት ተማሪዎች የአንድ ከተማ ካርታ ይሰጣቸዋል፤ በአንደኛው ላይ ፖስታ ቤቱ ተጽፏል፥ በሌላው ላይ አልተጻፈም። ያላየው ይጠይቃል፥ ያየው ያመለክታል። የመልመጃው ብልኀት ተማሪው የሚናገረው ስለ ታዘዘ ብቻ ሳይሆን፥ የሚፈልገው ነገር ባልንጀራው ዘንድ ስላለ መሆኑ ነው። ዳሩ ግን ካርታው የሌላ አገር ከተማ ነው፤ ጎዳናው ሁሉ ስም፥ ቤቱ ሁሉ ቁጥር አለው፤ መንገደኛውም ቀጥ ብሎ ሄዶ በሁለተኛው ጎዳና ወደ ግራ እንዲታጠፍ ይነገረዋል። ከመገናኛ ወደ ገርጂ የሚመላለስ ልጅ መንገድ የሚያመለክተው እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ ከታክሲ የሚወረድበትን ይናገራል፤ ቀጥሎ ከመብራት ኃይል ወረድ ብሎ፥ ዳቦ ቤቱን አለፍ ብሎ፥ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ እንዲጠይቅ ይነግረዋል። በእኛ ዘንድ «እዚያ ስትደርስ ጠይቅ» ማለት ራሱ የአቅጣጫው ክፍል ነው። ስለዚህ ይህ ልጅ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የግራና የቀኝ እንግሊዝኛ ሳይሆን የአጠገብ፥ የጀርባ፥ የፊት ለፊትና የማለፍ እንግሊዝኛ ነው። ካርታው እንዳለ ሲዋዋሱት ልጁ ቃሉን ሸምድዶ ይመለሳል፤ ከክፍሉ ደጃፍ ውጭ ግን የሚያመለክትበት ስፍራ አያገኝም።

ሁለተኛው እንቅፋት ከዚህ የበለጠ ተራ ነው። መልመጃው የተሠራው ለሁለት ሰው ሲሆን፥ በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንዱ ዴስክ ሦስት ልጆች ያስቀምጣል። ሁለቱ ሲነጋገሩ ሦስተኛው ሥራ ፈት ይሆናል፤ ሥራ የፈታ ልጅ ምን እንደሚያደርግ ያስተማረ ሁሉ ያውቃል። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ ሦስተኛው ካርታ ሳይሰጠው በባዶ ወረቀት ላይ የሰማውን መንገድ ይሥላል፥ በመጨረሻም ሥዕሉ ከካርታው ጋር ይተያያል። እንዲያውም ከሦስቱ ይበልጥ የሚያዳምጠው እሱ ይሆናል። ይህን የመሰለ ማሻሻያ በራሱ ክፍል ያገኘ አስተማሪ በየካም በለሚ ኩራም ብዙ እንደሚኖር አልጠራጠርም። ካርታው ሲላክ ግን ማሻሻያው ካገኘው ሰው ጋር ይቀራል፤ የሚቀጥለውም አስተማሪ ያንኑ እንቅፋት እንደ አዲስ ይመታዋል።

ስለዚህ ከመሣሪያው ጋር አብሮ መሄድ ያለበት ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ነው፤ ክፍሉ ስንት ልጅ ነበረው፥ አቀማመጡ እንዴት ነበር፥ ስንት ደቂቃ ፈጀ፥ ልጆቹ የት ላይ ወደ አማርኛ ተመለሱ፥ አስተማሪው ምኑን ለወጠ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከሁሉ ይበልጣሉ። በሳምንት ብዙ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር፥ ከዚያም የብዙ መቶ ልጆች ደብተር የሚያርም ሰው ሌላ ወረቀት ሙላ ቢባል እንደሚያማርር ግልጽ ነው፤ እውነትም አለው። ሪፖርት የሚባለው ነገር በትምህርት ቤቶቻችን ያለ አግባብ መብዛቱን አንባቢው ሳይነገረው ያውቃል። የአንድ ለአምስት ቡድን ከልጆች መረዳዳት ይልቅ ወደ ቃለ ጉባኤ መጻፍ ያዘነበለው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ሆኖም ይህን ጽሑፍ አሁኑኑ በግድ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ እነሱም በተግባር ልምምድ ላይ ያሉ እጩ መምህራን ናቸው። የመምህራን ማሠልጠኛ ሆኖ ብዙ ትውልድ ያፈራውና ዛሬ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የተባለው የኮተቤ ተቋም የሚገኘው እዚሁ በምሥራቁ የከተማ ክፍል፥ ከነዚህ ትምህርት ቤቶች መካከል ነው። እጩ መምህር በየትኛውም ተቋም ቢማር ክፍል ገብቶ ያየውንና ያስተማረውን ይጽፋል። ጽሑፉ ማርክ ከተሰጠበት በኋላ ግን በመምህሩ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ይከማቻል እንጂ ልምምዱ ወደ ተደረገበት ጉድኝት አይመለስም። ከያንዳንዱ ሪፖርት የመልመጃው ግማሽ ገጽ ብቻ ወጥቶ ለጉድኝቱ አስተማሪዎች የቴሌግራም ቡድን ቢላክ የሚጠይቀው ወጪ የለም።

የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው። ትምህርቱ እንዳልተሳካ በእውነት የጻፈ እጩ ከማርኩ ይቀነስበት ይሆን? ይህ ጥርጣሬ እስካለ ድረስ ሪፖርቱ ተማሪዎቹ በንቃት ተሳትፈዋል ብሎ መጨረሱን አይተውም፤ ሦስተኛው ልጅ በዴስኩ ጫፍ ተቀምጦ ምን ሲያደርግ እንደ ዋለም በወረቀቱ ላይ አይገኝም። ስለዚህ መጀመሪያ መሻሻል ያለበት የጉድኝቱ ቁም ሣጥን ሳይሆን የእኛው ክፍል የማርክ አሰጣጥ ደንብ ይመስለኛል፤ በዚህ ላይ የመምህሮቻችንን አስተያየት በሚቀጥለው እትም ብናነብ ደስ ይለናል።