መጨረሻው አልተመቸኝም፦ የጅማ መርካቶ የፊልም ወግና የፍርዱ ሥርዓት

ጅማ መርካቶ ውስጥ ፊልም ከሚጫንባቸው ሱቆች በአንዱ ደጃፍ ላይ ጥቂት ቆም ያለ ሰው በአገራችን አጭር የተባለውን የፊልም ሂስ ይሰማል። ደንበኛው ፍላሹን ያቀብልና «ምን አዲስ አለ?» ይላል። ጫኙ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «ይቺን ውሰዳት፣ አንጀት ትበላለች» ወይም «እሱ ይቅርብህ፣ መጨረሻው ቀሽም ነው» ብሎ ይመልሳል። በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ገንዘብ ይከፈላል፤ ማታ አራት አምስት ሰው ተሰብስቦ ያያል፤ በማግሥቱ ጫኙ ወይ ይመሰገናል ወይ ይወቀሳል። ጋዜጣ ላይ ስለ ፊልም የሚጽፍ ሰው እንዲህ ባለ ፍጥነት ለቃሉ ተጠያቂ ሆኖ አያውቅም። ጫኙ ግን ሁለት ጊዜ ካሳሳተ ደንበኛው ወደ ማዶ ሱቅ ይሻገራል።

ይህን መሰሉ ወግ በጥናታችን ውስጥ ቦታ ሳያገኝ ኖሯል። ስለ ኢትዮጵያ ፊልም የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ዳይሬክተሮች፣ ስለ ሳንሱር፣ ስለ ሲኒማ ቤቶችና ስለ ገበያ ነው። ማይክል ቶማስ፣ አሌሳንድሮ ጄድሎውስኪና አቦነህ አሻግሬ አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ሲኔ ኢትዮጵያ» የተሰኘው የጥናቶች ስብስብ ትልቅ እርምጃ ነበር። ከዚህ መስመር የወጡ ሥራዎች «የፍቅር ፊልም»፣ «አስቂኝ የፍቅር ፊልም»፣ «ልብ አንጠልጣይ» የሚሉትን የሠሪውና የተመልካቹን የራሱን አከፋፈል በቁም ነገር ይዘውታል። ቀጣዩ እርምጃ፣ በእኔ እምነት፣ ተመልካቹ ፊልሙን ከመደበ በኋላ ምን እንደሚፈርድበት ማዳመጥ ነው። ከፊልም በኋላ የሚወራው ወግ የራሱ መለኪያ ያለው ሂስ ነው። ከካሜራው አያያዝ ይልቅ የሰውን አደራረግ ይመዝናል። ፊልሙ እንደ ጉዳይ ይቀርባል፤ ተመልካቹም እንደ ሽማግሌ ተቀምጦ ይሰማዋል።

ልማዱ ያለ መሠረት የመጣ አይደለም። በቀድሞው ሙግት ባለጉዳዮች መንገደኛውን አስቁመው «ተጠየቅ» እየተባባሉ ጉዳያቸውን ያሰሙ እንደነበር የታወቀ ነው። ዳኛ ያልተሾመ ሰው ጥላ ሥር ቆሞ ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፣ ይፈርዳል። በኦሮሞው ዘንድም ጃርሱማ እስከ ዛሬ ይሠራል። ጠበኞችን አስቀምጦ ከሁለቱም ወገን እየሰሙ ማስታረቅ በጅማም ሆነ በአጋሮ ማንም አዋቂ የሚያውቀው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሚሼል ፓፓታኪስ የሠራው «ጉማ» የተባለው ፊልም ስሙንም ታሪኩንም የወሰደው ከደም ካሳ ሥርዓት መሆኑ፣ ዮናስ ብርሃነ መዋ የመሠረተው የፊልም ሽልማትም በዚሁ ፊልም ስም መጠራቱ ለዚህ ክርክር ደስ የሚል ድጋፍ ነው።

ሲኒማ ራሱ ጅማ የደረሰው ግን በሌላ ዓይነት ሥልጣን በኩል ነው። ጣሊያን ከተማዋን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መናገሻ ባደረገበት ዘመን ከሠራቸው ሕንፃዎች አንዱ ሲኒማ ቤት ነበር። ወራሪው ደግሞ በየሲኒማ ቤቱ ነጭና ጥቁር እንዲለያይ የሚያደርግ ሕግ ይዞ የመጣ ነው። በሂርማታ የሐሙስ ገበያ ዘር ሳይለይ ሲገበያይ በኖረባት ከተማ ፊልም እንዲህ ባለ አጥር ተከቦ መግባቱን ማስታወስ ይገባል። አጥሩን ያፈረሰው ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣው ቪዲዮ ቤት ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ ጥቂት ረድፍ አግዳሚ ወንበር፣ ደጃፉ ላይ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ፤ መግቢያው በሳንቲምና በብር የሚቆጠር ነበር። እዚያ ውስጥ ዝም ብሎ የሚያይ አልነበረም።

ስለ ጅማ ወጣቶች የፊልም ወግ በጥንቃቄ የጻፈው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዳንኤል ሜይንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ጅማ ተቀምጦ ያጠናውን በ2012 በመጽሐፍ አሳትሟል። ርዕሱን የወሰደው «ተስፋ መቁረጥ» ከሚለው የእኛው አነጋገር ሲሆን፣ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለጫትና ለፊልም ሰጥቷል። ያኔ ከከተማ ወጣቶች ግማሽ ያህሉ ሥራ አጥ ናቸው ተብሎ ይገመት ነበር። ሜይንስ ያነጋገራቸው ወጣቶች ችግራቸው የገንዘብ እጦት ብቻ አልነበረም፤ የትም የማያደርስ ትርፍ ጊዜም ነበር እንጂ። በርጫው ላይ ፊልም እያነሱ መጨዋወቱ፣ በምርቃናው ሰዓት ነገን አሻሽሎ ለማሰብ ቦታ ይሰጣቸው ነበር ይላል። ጥናቱን አከብረዋለሁ። ሆኖም ወግ ሁሉ ወደ ነገ የሚሮጥ አይመስለኝም። ጆሮውን ለሰጠ ሰው፣ በርጫ ላይ የሚሰማው ክርክር አብዛኛው ስለ ትናንቱ አደራረግ ነው፤ ማን አጠፋ፣ ማን ምን ማድረግ ነበረበት የሚል።

አንዱን ክርክር ቀረብ ብለን እንየው። የታየው ፊልም ብዙ ጊዜ የተሠራ ታሪክ ነው። ደኻ ልጅ የሀብታም ልጅ ይወዳል፤ ድህነቱን ይደብቃታል፤ የተከራየው ልብስና የጓደኛው መኪና ይጋለጡበታል። ፊልሙ እንዳለቀ የመጀመሪያው ፍርድ ይወጣል፤ «ለምን መጀመሪያውኑ አልነገራትም?» ሌላው ይቀበላል፤ «እንዴት ብሎ ይነግራታል? ሰው ምን ይላል?» ሦስተኛው እስካሁን ዝም ብሎ ቅጠሉን ሲቀነጥስ የነበረው ነው። «እሱን ተዉት፤ ለልብሱ ያወጣው ብር ለእናቱ መድኃኒት ይበቃ ነበር» ይላል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ወደ እናቲቱ ይዞራል፤ አክተሩ ተረስቶ በፊልሙ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ የታየችው የታመመች እናት ዋና ባለጉዳይ ትሆናለች።

ከዚህ ሦስት ነገር አያለሁ። አንደኛው ይሉኝታ የፍርዱ ዋና ሕግ መሆኑ ነው። ሜይንስም ወጣቱ ዝቅ ያለ ሥራ እንዳይሠራ የሚይዘው ይሉኝታ መሆኑን ደጋግሞ ጽፏል። «ሰው ምን ይላል» የሚለው ተሟጋች ለአክተሩ ጥብቅና ሲቆም ለራሱም እየቆመ ነው። «ለምን አልነገራትም» ባዩ ደግሞ ይሉኝታን ራሱን ይከስሳል፤ እንዲህ ያለውን ክስ ስለ ራሱ ሕይወት አፍ አውጥቶ አያነሳውም፣ በፊልሙ ሰው በኩል ግን ይደፍራል። ሁለተኛው የሒሳቡ ጉዳይ ነው። በቡና አገር ገንዘብ የሚገባበት ወር ይታወቃል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ቀይ ቡና ሲለቀም ኪስ ይሞላል፣ ክረምቱ ላይ ይከሳል። ስለዚህም ብር ከየት እንደመጣ የማይናገር ፊልም እዚህ አያልፍም። «ሥራው ምንድነው ሰውየው? ብሩን ከየት አመጣው?» የሚለው የመርካቶ ጥያቄ የፊልም ጽሑፍ መምህር በረቂቅ ላይ በቀይ ከሚያሰምርበት ጉድለት አይለይም። ሦስተኛው፣ ተመልካቹ ዳይሬክተሩ ዳር ያቆመውን ሰው ወደ መሐል የማምጣት መብት አለኝ ብሎ ማመኑ ነው። ይህን መብት በዩኒቨርሲቲ ቤት ለማስረዳት ብዙ ገጽ እንፈጃለን።

ባለታሪኩ ራሱ ፊልሙ ላይ አስተያየት አለኝ ብሎ የተነሣበት አጋጣሚም አለ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቶ ነበር። ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች ልጅንና ጠበቃዋን የሚከተል ፊልም ነው። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ታዳሚው አዳራሽ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ታሪኩ የተወሰደባት ሴት ፈቃዴ አልተጠየቀም ብላ ከስሳ ነበር። ብዙዎች እግዱን የኪነ ጥበብ ነፃነት ጥያቄ አድርገው አዩት፤ እኔ ከዚህ ወግ ጋር አያይዤ ሳየው ሌላ ነገር ይታየኛል። ፊልሙ ራሱ ሁለት ሸንጎ ያሳያል፤ አንዱ ዛፍ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌዎች፣ ሌላው የመንግሥት ፍርድ ቤት። ባለታሪኳ ደግሞ ፊልሙን ሦስተኛ ሸንጎ ፊት አቆመችው። ጉዳዩ የተፈታበትን መንገድ የሕግ ባለሙያዎች ይመልከቱት፤ እኔን የሚገርመኝ «ይህ የእኔ ሕይወት ነው፤ እንዲህ አልነበረም» የሚል ሰው ከሁሉ ተመልካች ቀድሞ መሰማት የሚገባው መሆኑ ነው። በርጫ ላይም አንድ ሰው «ይቺ እኔ ላይ የደረሰች ናት» ካለ ሌላው ክርክሩን ያቆምለታል። ሥርዓቱ ይህን ያውቃል።

የውጭ ፊልም ሲሆን መለኪያው አይለወጥም። የህንድ ፊልም በምሥራቅና በምዕራብ አፍሪካ ለምን ሥር እንደሰደደ ብራያን ላርኪን እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ሰሜን ናይጄሪያ ካኖ በጻፈው ጥናት ግሩም አድርጎ አስረድቷል። የሐውሳ ወጣቶች በህንድ ፊልም ውስጥ የወላጅ ፈቃድና የራስ ምርጫ ሲጋጩ ያዩ ነበር፤ ከምዕራቡ ሳይቀዱ ስለ ጋብቻ የሚነጋገሩበት መድረክ ሆነላቸው። እስላማዊ ባህል ሥር በሰደደባት፣ ጋብቻ የሁለት ቤተሰብ ጉዳይ በሆነባት ጅማም አባት «አይሆንም» ያለበት የህንድ ፊልም ለክርክር የተመቸ ነው። ልዩነቱ አሜሪካዊውን አክሽን ሲያዩ ይወጣል። እዚያ ወጉ አጭር ነው። «አሪፍ ነው፣ ይደባደባል» ተብሎ ያልፋል፤ ቤተሰብ የሌለው አክተር የሚከሰስበት ጉዳይ የለውም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የወንዶች ወግ ነው፤ የሜይንስም መጽሐፍ የወንዶች መጽሐፍ ነው። የሴቶቹ ሸንጎ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሰዓት ላይ ይቀመጣል። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 የቱርክና የሌላ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ እያሰማ ሲጀምር የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ሰዎች ገበያችንን ወሰደብን ብለው ተቃውመው ነበር። ሥጋታቸው የእንጀራ ሥጋት ስለሆነ አልነቅፈውም፤ በሙግቱ መካከል ግን ተመልካቿን የጠየቀ አልነበረም። ቡና በሚፈላበት ቤት ድራማው የሚታየው እየተወራ ነው። አቦሉ ሲቀዳ ያለፈው ክፍል ይተረካል፣ ቶናው ላይ ይፈረዳል፣ በረካው ላይ የነገው ይገመታል። ወጉ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ሳይታወቅ ይሻገራል። «አዴ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይምሯት ነበር?» ብላ የምትጠይቅ ወጣት የድራማዋን አማት በሰበብነት አቅርባ የራሷን ጥያቄ እየጠየቀች ነው። አዴም ይህን አውቀው ይመልሳሉ፤ «ልጇን ትማር፣ እሷን ግን እንድታውቅ ታድርጋት።» ፊልም በየሳምንቱ የሚያልቅበት በርጫ እንዲህ ያለውን ትዕግሥት አልለመደም፤ ተከታታይ ድራማ ፍርዱን ወራት ስለሚያቆየው በዳይዋ ስትለወጥ የማየት ዕድል አለ። የሴቶቹ ወግ ከወንዶቹ ይልቅ ወደ ይቅርታ የሚያደላበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

ወጉ የማይችለው ፊልምም አለ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ሁለት ሽልማት ቢያገኝም ተራ ተመልካች ዘንድ ሁለት ሰዓት ከሩብ የሚያልፈው ርዝመቱና ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚመላለሰው ጊዜው ይከብዳል። «ታሪኩ ይዘበራረቃል» የሚለው ቅሬታ በሐሰት የተነሣ አይደለም። ጉዳዩ በቅደም ተከተል ካልቀረበለት ሽማግሌ አይፈርድም፤ «እንደገና ከመጀመሪያው ንገረኝ» ይላል። የታተመ ሂስ ሥራ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። የፊልሙ ዋና ባለታሪክ አንበርብር ከጀርመን የተመለሰው አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተሰባብሮ ነው። ጊዜው የተዘበራረቀው የሚያስታውሰው ሰው ስለተዘበራረቀ መሆኑን አንድ ሰው ቢነግራቸው ቀሪውን የበርጫው ሰዎች ራሳቸው ይጨርሱታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጉዳይ ቀላልና የታወቀ ነውና። የተማረ ልጅ ከብዙ ዓመት በኋላ ባዶ እጁን እናቱ ቤት ይመለሳል፤ መንደሩ ምን ይዞ እንደመጣ ይጠብቃል፤ እሱ የሚናገረው አጥቶ ተቀምጧል። ተምሮ ሥራ ያጣ ወጣት በሞላበት የጅማ መርካቶ «ጤዛ»ን በዚህ በኩል አንስቶ ለማከራከር መነሻ ሐሳብ የሚጎድለው ሰው አይኖርም።