ለጽድቅ ተብሎ ስለሚሰጥ ጫማ

ጽድቅ የሚለው ቃል በግዕዝ እውነትንም ቅን ሥራንም የሚያመለክት ሲሆን፥ በእኛ አነጋገር ግን እየጠበበ ሄዶ ሰጪው ለነፍሱ የሚያከማቸው ዋጋ ብቻ መስሏል። «ለጽድቅ ብዬ ነው» የሚል ሰው ስለ ተቀባዩ አንዳች አለመናገሩን፥ አንባቢ ሆይ፥ ልብ በል።

በሐረር፥ በፈረስ መጋላ ካለው ከመድኃኔ ዓለም ደጅ፥ በበዓል ቀን ለነዳያን እንጀራ ይቆረሳል። ይህ መልካም ነው፤ የተራበ ሰው ክርክር አይበላምና። የምነቅፈው ሌላ ነገር ነው።

ከከተማይቱ ብዙ በማይርቀው በቢሲድሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደርና ሆስፒታል በ1950 ዓ.ም. ገደማ ተቋቁሟል። ለዚሁ ሥራ ርዳታ ለመላክ በጀርመን አገር በቩርዝቡርግ ከተማ በ1957 እ.ኤ.አ. አንድ የረድኤት ማኅበር ቆመ። ዛሬ በሽታው በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል። የተጎዳው ጅማት ግን ብዙ ጊዜ አይመለስምና፥ የዳነውም ሰው እግሩ እንደ ደነዘዘ ይኖራል። ምስማር ቢወጋው አያውቅም፤ ጠባብ ጫማ ቢልጠው አይሰማውም፤ ቁስሉ አጥንት ከደረሰ በኋላ በሽታው ተመለሰ ይባልበታል።

እንግዲህ በጎ ፈቃደኞች ነን የሚሉ ወጣቶች ከየቤቱ አሮጌ ጫማ ለቅመው፥ ልኩን ሳይጠይቁ ለእንደዚህ ያለው ሰው ቢያድሉ፥ ምን ሰጡት? ቁስል ሰጡት። ለእርሱ የሚገባው ውስጡ ለስላሳ፥ ሶሉ ጠንካራ፥ ምስማር የሌለበትና በእግሩ ልክ የተሰፋ ጫማ ነው። የሚገባው ማለቴን አስተውል፤ የተረፈን አላልሁም።

በዚህ ነገር ሐረሪዎች ከአፎቻቸው ያስተምሩናል። የአፎቻ አባል የሞተበት እንደ ሆነ ጎረቤቱ የሚመጣለት ስለሚገባው ነው እንጂ ስለ ለመነ አይደለም። የእኛም ዕድር እንደዚሁ ነው። ታዲያ በቀብር ጊዜ የምናውቀውን ሥርዓት በቁም ላለው ሰው ስለ ምን እንረሳዋለን? ደግሞም በሐረር ጎረቤት ማለት ክርስቲያንም እስላምም ነውና፥ አገልጋዩ አስቀድሞ የክርስትና ስም የሚጠይቅ ከሆነ ከደጁ ባይመጣ ይሻላል።

የደነዘዘ እግር በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል በውኃ ይዘፈዘፋል፤ የጠነከረው ቆዳ ቀስ ተብሎ ይፋቃል፤ ሳይደርቅም ቅባት ይቀባል። በሐረር ደግሞ ውኃ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በደረቀ ጊዜ ከተማይቱ ውኃዋን ከሩቅ፥ ከድሬ ዳዋ አካባቢ ለማስመጣት ተገድዳለች። ጣቶቹ የታጠፉበት ሰው ጀሪካን አንጠልጥሎ ዳገት አይወጣም። ስለዚህ ውኃውን የሚያደርስለት፥ የማያየውን የውስጥ እግሩንም አገላብጦ የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። ይህም በየቀኑ ነው፤ በበዓል ብቻ ብቅ የሚል አገልጋይ ለዚህ ሥራ አይሆንም።