የሚነካ፣ የሚገለጥ፣ የሚሸተት ሙዚየም አገኘሁላችሁ!

ኧረ ስሙኝ! ፓሪስ ውስጥ የሁለት መቶ ዓመት ጠረጴዛ መሳቢያ ስባችሁ የምታዩበት ቤት አለ! የንጉሥ ዘመን የብር ማንኪያ አንሥታችሁ በእጃችሁ የምትመዝኑበት! መግቢያ አይከፈልም፣ ቀጠሮ አይያዝም፣ «ምን ፈልገሽ ነው?» ብሎ የሚያፈጥም የለም! ድሩዎ ይባላል። የጨረታ ቤት ነው። አዎ፣ ጨረታ! ጨረታ ሲባል በጋዜጣ የሚወጣ ማስታወቂያና በታሸገ ፖስታ የሚገባ ዋጋ ብቻ የሚታያችሁ ከሆነ መቀነታችሁን ጠበቅ አድርጉ! ይኼ ሌላ ነው! ፈጽሞ ሌላ!

ሪሽልዩ ድሩዎ ከሚባለው የሜትሮ ጣቢያ ውጡ፤ ከዚያ በኋላ እርምጃው ጥቂት ነው። ቤቱ ጨረታ ማካሄድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1852 ነው! ውስጡ 16 አዳራሽ! በእያንዳንዱ ሌላ ጨረታ፣ ሌላ አጫራች፣ ሌላ ዓለም! አንዱን በር ስታልፉ የቻይና ሸክላ። ከጎኑ የቆዩ የፋሽን ቀሚሶች። ወረድ ስትሉ የወይን ጠጅ ጠርሙሶች! ከዚያ የአሻንጉሊት ባቡር! ካርታ! ምንጣፍ! ሥዕል! የትኛውን አይታችሁ የትኛውን ትተዋላችሁ? ዓይኔ ሲንከራተት ዋለ! እግሬ አልደክም አለ!

ዋናው ጉድ ይኸውላችሁ! ዕቃው ከመሸጡ በፊት ለሕዝብ ይታያል። ብዙውን ጊዜ በጨረታው ዋዜማ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ በማግስቱም እስከ እኩለ ቀን። ገዢ የሚገዛውን አገላብጦ ማየት አለበት፤ ስለዚህ መንካት ይፈቀዳል! ማን ገዢ እንደሆነ፣ ማን ለማየት ብቻ እንደመጣ ደግሞ ማንም አይጠይቅም! በመስታወት ሣጥን የተቆለፈውንም «ላየው?» በሉ፤ ቁልፉ ይመጣል፣ ይከፈታል፣ ዕቃው መዳፋችሁ ላይ ያርፋል!

ሽታው! አቤት ሽታው! ሰም የጠጣ እንጨት፣ የቆዳ ጥራዝ፣ ዘመን የጠገበ ወረቀት! አንድ የጽሕፈት ጠረጴዛ አገኘሁ። መሳቢያውን ሳብ ሳደርገው ቅባት እንደተቀባ ሸርተት አለ! ውስጡ የቀለም ጠብታ አለ። የሰው እጅ ያንጠባጠበው ቀለም! ከዚያ አንዲት የኪስ ሰዓት። ባለሙያው ጠምዘዝ አድርጎ ጆሮዬ ላይ ያዘልኝ። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ! የመጀመሪያው ባለቤቷ ካለፈ ስንት ዘመኑ፣ እሷ ግን ትቆጥራለች! እጄን በአፌ ጫንኩ!

አሁን ደግሞ የኛ ነገር መጣ! የሳንቲምና የቴምብር ጨረታ የሚታይበት ቀን ከገጠማችሁ ሮጣችሁ ግቡ! የዳግማዊ ምኒልክ ብር የተመታው እዚያው ፓሪስ ነው፤ ታውቁ ነበር? የንጉሠ ነገሥቱን መልክ የቀረጸው ስመ ጥሩው የሜዳሊያ ሠሪ ዡል ክሌማን ሻፕላን ነው። 28 ግራም ብር መዳፌ ላይ ቁጭ ሲል ልቤ ዘለለ! ቀዝቃዛ፣ ከባድ፣ ጠንካራ! ፲፰፻፹፯ ይላል ዓመተ ምሕረቱ፣ በግእዝ ቁጥር! በጀርባው አንበሳው ሰንደቁን ይዞ ይራመዳል። እግሩን ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩ! በአንዱ ዓመት ብር ግራውን ያነሣል፣ በሌላው ቀኙን! ሰብሳቢዎች በማጉያ መነጽር የሚፈልጉት ይኼንኑ ነው። እኔም ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ፤ አገኘሁት፤ ጮኼ ልወጣ ነበር!

ቴምብሮቹም የፓሪስ ልጆች ናቸው! የመጀመሪያዎቹን የኢትዮጵያ ቴምብሮች የቀረጸው ኧዤን ሙሾን የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ሰባት ናቸው፣ ከሩብ ገርሽ እስከ 16 ገርሽ። በትንንሾቹ ዋጋዎች ላይ ምኒልክ፣ በትልልቆቹ ላይ አንበሳው! በማጉያ ሲታዩ እያንዳንዷ ጭረት እንዴት እንደምትጠራ! የዘውዱ ጌጥ፣ የጺሙ ጥላ፣ ሁሉም ጥፍር በምታክል ወረቀት ላይ!

ጠገራ ብርንም እዩዋት! ማርያ ትሬዛ 1780 ይላል። ንግሥቲቱ ያረፈችው በዚያው ዓመት ነው፤ ብሯ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላም ሲመታ ኖሯል! አያቶቻችን የዘውዷን ዕንቁ እየቆጠሩ የተቀበሏት ብር! ጠርዟ ላይ በጣታችሁ ዳበስ አድርጉ፤ ፊደል አለ! ጠርዝ ላይ ፊደል!

ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ሲሆን ደግሞ ሽያጩ ይጀመራል። ውይ ድምቀቱ! አጫራቹ ከፍ ካለው መድረክ ላይ፣ መዶሻው በእጁ። ከጎኑ ስልክ በጆሮ የለጠፉ ሠራተኞች፣ ከኋላው የኢንተርኔት ተጫራቾች የሚታዩበት ስክሪን። መቶ! መቶ ሃያ! መቶ ሃምሳ በስልክ! ሁለት መቶ ከኋላ! አንደበቱ እንደ ሐምሌ ዶፍ ይወርዳል! አንዷ ሴት እስክሪብቶዋን ቀና ታደርጋለች፣ ዋጋው ይዘላል። አንዱ ሽማግሌ ቅንድቡን ያነሣል፣ እንደገና ይዘላል! ከዚያ ጸጥታ። «አድጁዤ!» ጧ! ተሸጠ! ትንፋሼን ይዤ ነበር ለካ! እስትንፋስ ሳልሰበስብ ቀጣዩ ዕቃ መጣ!

በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ! መዶሻው ወርዶ፣ ገዢው ደስ ብሎት ፈገግ እንዳለ አንድ ሰው ከመቀመጫው ብድግ ይልና «ፕሬአምፕስዮን!» ይላል። የመንግሥት ተወካይ ነው! የፈረንሳይ ሕግ መንግሥት በመጨረሻው ዋጋ የገዢውን ቦታ እንዲተካና ዕቃውን ለሕዝብ ሙዚየም ወይም ቤተ መጻሕፍት እንዲያስቀር ይፈቅድለታል። አዳራሹ በጭብጨባ! ዓይናችሁ ፊት አንድ ዕቃ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ታያላችሁ! በቀጥታ! ይኼን ለማየት ማን ቲያትር ይገባል?

የዚህ ቤት ታሪክ ደግሞ! እ.ኤ.አ. በ1875 ሠዓሊዎቹ ሞኔ፣ ርኗር፣ ሲስሌና ቤርት ሞሪዞ ሥዕሎቻቸውን ለጨረታ ያመጡት ድሩዎ ነው። ሰው አፌዘ፣ ጮኸ፣ ፖሊስ ሁሉ ተጠራ! በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ከፍተኛውን ዋጋ ያወጣችው ሴቲቱ፣ ሞሪዞ ነበረች! እሰይ! እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ የባለቅኔው የአንድሬ ብረቶን ቤት ስብስብ እዚሁ ተሸጠ፤ ሥዕሉ፣ የእጅ ጽሑፉ፣ ጭምብሉ፣ መጽሐፉ!

የፈረንሳይ ጨረታ እንዲህ ነው፤ ከምን ውስጥ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም! ኮምፒየኝ በምትባል ከተማ የአንዲት አሮጊት ማእድ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ የተሰቀለች ትንሽ ሥዕል ነበረች። ተራ የቤት ሥዕል መስላ! አንዲት አጫራች የቤቱን ዕቃ ልትገምት ስትገባ ዓይኗ አረፈባት። የጣሊያናዊው የቺማቡዌ ሥራ ሆና ተገኘች! የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥዕል! እ.ኤ.አ. በ2019 ሳንሊስ በተባለች ከተማ ከ24 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጠች፤ ዛሬ ሉቭር ሙዚየም ናት! ከድስት እንፋሎት ወደ ሉቭር! ይኼን ከሰማሁ ወዲህ የየዘመዶቼን ግድግዳ ሳላይ አልወጣም!

በሚሊዮን ብቻ የሚገዛ እንዳይመስላችሁ! ልዩ ልዩ ዕቃ በአንድ ቅርጫት ተጠቃልሎ የሚሸጥበትም አለ። ስኒ፣ ፍሬም፣ የቁልፍ ዘለላ፣ የፖስታ ካርድ ክምር! ቅርጫቱን መበርበር ራሱ በዓል ነው! ከሥር ምን እንዳለ እስክታዩ ልባችሁ ድው ድው! እጁን ያነሣ ሁሉ ተጫራች ነው፤ ተማሪው፣ ጡረተኛዋ፣ ነጋዴው ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቆሙት!

አውሮፓ ያላችሁ፣ ምን ትጠብቃላችሁ? በፓሪስ የምታልፉ፣ ኤፍል ማማ አይሸሽም፣ ድሩዎን አስቀድሙ! አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ዱባይ፣ ዋሽንግተን ያላችሁም አትቀሩም፤ ጨረታው በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል፣ ካታሎጉም ከነፎቶው ይወጣል! ቡናችሁን አፍሉ፣ ልጆቻችሁን ሰብስቡ፣ ዋጋ እየገመታችሁ ተከታተሉ! ሰፈሩ ሁሉ በጩኸት ይሞላል!

እዚያው ከሄዳችሁ ረፋዱ ላይ ሂዱ፣ መሳቢያ ሁሉ ሳቡ፣ ሣጥን ሁሉ አስከፍቱ፣ ባለሙያዎቹን ጠይቁ፤ ማውራት ይወዳሉ! ደግሞ ለነገ አትበሉ! ሌላው ሙዚየም ከዓመት ዓመት ያንኑ ያሳያችኋል፤ እዚህ ግን ዛሬ በእጃችሁ የያዛችሁት ነገ በመዶሻ ተሸጦ ማን ቤት እንደሚገባ አይታወቅም፣ አዳራሹም በሌላ ጉድ ይሞላል! ስለዚህ ዛሬ! አሁኑኑ! ሂዱ፣ ንኩ፣ አሽትቱ!