ፊሽካ የያዘው ሰው

በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ከተጫዋቾቹ እኩል የሚሮጥ፣ ግን ማንም የማያጨበጭብለት ሰው አለ፤ ዳኛው። እኔ ግን ከልቤ አደንቀዋለሁ። ርዝመቱ 28፣ ስፋቱ 15 ሜትር በሆነ ሜዳ ላይ አሥር ተጫዋቾች ይጋፋሉ፤ ኳስ የያዘው ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቅርጫቱ መወርወር አለበት። ዳኛው ኳሷን ብቻ ቢከተል ብዙ ያመልጠዋል። ሦስት ዳኞች ባሉበት ጨዋታ እያንዳንዱ የራሱን ክልል ይጠብቃል፤ ኳሷ በሌለችበት የሚጎተተውን ማሊያ፣ የሚሰነዘረውን ክርን የሚያየው እሱ ነው። ተከላካዩ ቦታውን ቀድሞ ይዟል ወይስ ዘግይቶ ገባ? ይህን በቅጽበት ይወስናል። ጥፋት ከሆነ ጡጫውን፣ ሌላ የሕግ ጥሰት ከሆነ መዳፉን ዘርግቶ ያነሳል። ከዚያም በተቆጣ አሰልጣኝ ፊት ሳይቆጣ ይቆማል። ለእኔ ይህ ትዕግሥት ከየትኛውም ውብ ውርወራ ይበልጣል።

ዳኝነት የወንዶች ብቻ አይደለም። በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ የዳኙት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ቫዮሌት ፓልመርና ዲ ካንትነር ናቸው፤ ዘመኑም 1997 እ.ኤ.አ. ነበር። ቁመት ያነሳችሁ፣ መጫወት ያቆማችሁ፣ ጨዋታውን ግን የምትወዱ ሁሉ፣ የዳኝነት ሥልጠና ሲዘጋጅ ተመዝገቡ። ያለ ዳኛ ውድድር የለም።