ፒዲ-1ን የሚለይ አንቲቦዲና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፦ በአንድ የካላዛር ጥናት ላይ የቀረበ ሂስ

የኛሰው ታከለና ባልደረቦቻቸው ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2022 «ሴል ሪፖርትስ ሜዲሲን» በተባለው መጽሔት የታተመው ጥናት፣ በካላዛር ብቻ የታመሙትንና ካላዛርና ኤች.አይ.ቪ. በአንድነት የያዛቸውን ኢትዮጵያውያን ከሕክምና በኋላ ተከታትሏል። በክትትሉ ማብቂያ በካላዛር ብቻ ከታመሙት መካከል በሽታው ያገረሸበት አልነበረም፤ ከጥምር ታማሚዎቹ ግን በ78.1 በመቶው ላይ አገርሽቷል።

የጥናቱ ትልቁ ቁም ነገር «ዳነ» በሚለው ቃል ላይ ያነሣው ጥርጣሬ ነው። ጥምር ታማሚዎቹ በክሊኒክ መለኪያ ድነዋል ከተባሉም በኋላ የተውሳኩ መጠን በደማቸው ከፍ እንዳለ፣ ጣፊያቸውም እንዳበጠ ቆይቷል። ሆኖም በማን ላይ እንደሚያገረሽ የጠቆሙት የክሊኒክ ምልክቶች አይደሉም። የጠቆሙት ሦስት የመከላከያ ሥርዓት መለኪያዎች ናቸው፦ ለተውሳኩ አንቲጅን ምላሽ የሚመነጨው ኢንተርፌሮን ጋማ አለማገገሙ፣ የሲዲ4 ቁጥር ዝቅ ብሎ መቆየቱ፣ በቲ ሕዋሳት ላይ የሚገኘው ፒዲ-1 መብዛቱ። ጣፊያ ዳብሶና ክብደት መዝኖ ታማሚውን ለሚያሰናብት ሐኪም ይህ ቀላል ዜና አይደለም።

ፒዲ-1 እ.ኤ.አ. በ1992 በጃፓን በሆንጆ ታሱኩ ቤተ ሙከራ የተገኘ፣ የቲ ሕዋስን ምላሽ የሚገታ ፕሮቲን ነው። ለካንሰር ሕክምና የሚሰጡት አንቲቦዲዎች ይህን ልጓም ለመፍታት የተሠሩ ሲሆኑ፣ በቤተ ሙከራ የሚያገለግለው ግን አብሪ ቀለም የተጣበቀበትና ፕሮቲኑን ለማየት ብቻ የሚረዳ ነው። የማየቱ ነገር ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። የፍሎ ሳይቶሜትር ንባብ በአንቲቦዲው ክሎን፣ በቀለሙ ብርታትና በመሣሪያው አቀናጅ ይለያያል፤ «ከፍተኛ» የሚባለውን ከ«ዝቅተኛ» የሚለየውን መሥመር የሚያሰምረውም ባለሙያው ነው። ስለዚህ በአንድ ቤተ ሙከራ የተገኘ የብርሃን መጠን ሳይስተካከል ለሌላው ገደብ ሆኖ ሊያገለግል አይችልም። ከዚህም በላይ ፒዲ-1 በደከመ የቲ ሕዋስ ላይ ብቻ ሳይሆን ገና በነቃ ሕዋስም ላይ ይወጣል። ተውሳኩ በደሙ ውስጥ በቀረ ታማሚ ላይ መብዛቱ የማገርሸቱ ምክንያት ይሁን የተውሳኩ መቅረት ውጤት፣ አንቲቦዲው ብቻውን አይመልስም።

አጥኚዎቹ ሦስቱ መለኪያዎች በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ሊለኩ እንደሚችሉ ይገልጻሉ። እዚህ ላይ ጽሑፉ ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷል። አባባሉን ለመመርመር የእስቴዋን መካነ ኢየሱስ መውሰድ ይበቃል። ከተማዋ ካላዛር ከሚበዛባቸው ከሁመራና ከመተማ ቆላ የራቀች ብትሆንም፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደዚያ የሚወርደው የደቡብ ጎንደር ሠራተኛ በሽታውን ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ በዚያው ዞን በሊቦ ከምከም እ.ኤ.አ. በ2005 የታወቀው ወረርሽኝም አይዘነጋም። እንዲህ ያለው ታማሚ ፒዲ-1ው እንዲለካለት አንቲቦዲው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከብርሃን ተሰውሮ፣ በረዶ ሳይሠራ መካነ ኢየሱስ መድረስ አለበት። ለሲዲ4 ቆጠራ ብቻ የተሠሩት ትንንሽ መሣሪያዎች ፒዲ-1ን ስለማያነቡ ሌላ መሣሪያ፣ እርሱን የሚጠግንና ንባቡን የሚተረጉም ባለሙያም ያስፈልጋል። «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ብልቃጥ ደግሞ ለምርመራ ውጤት አምራቹ ዋስ የማይሆንበት ነው፤ በእርሱ ተመርኩዞ የታማሚን ሕክምና መወሰን ኃላፊነቱን ወደ ላቦራቶሪው ያዞረዋል።

ሌላም መነሣት ያለበት ነገር አለ። ከአምስት ጥምር ታማሚዎች አራቱ ገደማ የሚያገረሽባቸው ከሆነ፣ ሁሉንም በቅርብ መከታተል ያለ አንቲቦዲም ተገቢ ነው። የትንበያው ትርፍ የማያገረሽበትን አምስተኛውን ሰው ለይቶ ከማያስፈልገው መድኃኒትና ምልልስ ማዳኑ ላይ ነው፤ በዚህ ረገድ መሳሳት ደግሞ ሊያገረሽበት ያለውን ሰው ያለ ክትትል ወደ ቤቱ መስደድ ይሆናል። ስለዚህ ሞዴሉ ከሌሎች ሆስፒታሎች በተገኙ ታማሚዎች ላይ መፈተን ይኖርበታል። በዚያ ፈተና ቀድሞ መታየት ያለበትም ፒዲ-1 ወጥቶ ሲዲ4 እና ኢንተርፌሮን ጋማ ብቻ ቢቀሩ ትንበያው ምን ያህል እንደሚዳከም ነው። ኢንተርፌሮን ጋማን ለመለካት ደሙን ከአንቲጅኑ ጋር የሚያቆዩበት ኢንኩቤተርና የኤላይዛ ማንበቢያ ይበቃሉ፤ እነዚህን ለመካነ ኢየሱስ ማሟላት ፍሎ ሳይቶሜትር ከመትከል እጅግ ይቀላል።