ፖል ቻምበርስ እና ሃያ አራቱ ባር

ደብል ቤዝ የሚማሩ ልጆች የሚፈሩት ፈጣን ሙዚቃ ነው። እኔ የምፈራላቸው ግን ኮርዱ የማይቀየርበትን ነው። ጣት በልምምድ ይፈጥናል፤ አንድ ኮርድ ላይ ሆኖ ሳያሰለቹ መጓዝ ግን ማሰብን ይጠይቃል። ለዚህ ከጃዝ ቤዝ ተጫዋቹ ፖል ቻምበርስ የተሻለ መምህር አላውቅም።

እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1959 ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ ኒውዮርክ፣ 30ኛው ጎዳና በሚገኘው የኮሎምቢያ ስቱዲዮ «ሶ ዋት»ን ቀረጸ። ዜማውን የሚያወጣው የቻምበርስ ቤዝ ነው፤ ሌሎቹ ይቀበሉታል። ሰው ሁሉ የሚያነሳው ይህን አጀማመር ነው። እኔ ግን ሶሎዎቹ ከተጀመሩ በኋላ ከሥር ያለውን ስሰማ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ሙዚቃው 32 ባር ነው፦ 16 በዲ ማይነር፣ 8 ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ በኢ ፍላት ማይነር፣ ከዚያ 8 ተመልሶ በዲ። ዙሩ ሲደገም የመጨረሻው 8 ባር ከአዲሱ ዙር 16 ጋር ይገጥማል። በተከታታይ 24 ባር አንድ ኮርድ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ባር በአራት ምት፣ ለየምቱ አንድ ኖታ ሲሰላ 96 ኖታ። ቤዙ የኮርዱን ሥር ኖታ ብቻ ቢደጋግም ሙዚቃው ይሞታል። እንዳሻው ቢንከራተት ደግሞ ሶሎ የያዘው ሰው የት ባር ላይ እንዳለ ይጠፋዋል። ቻምበርስ መስመሩን ሽቅብ ቁልቁል እየወሰደ የስምንት ስምንቱን ባር መገጣጠሚያ ያስታውቃል። ኢ ፍላት ሲመጣ ጆሮ አይደናገጥም፤ መንገዱ ቀድሞ ተጠርጓል።

በሜይ መጀመሪያ፣ ሁለት ወር እንዳለፈ፣ ቻምበርስ ከሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ኮልትሬን ጋር «ጃይንት ስቴፕስ»ን ቀረጸ። እዚያ ኮርዱ በአብዛኛው በየሁለት ምቱ ይቀየራል፣ ቴምፖውም ይከንፋል። ያው ሰው፣ ያው እኩል አራት ምት። ኮልትሬን በዚሁ ስም በወጣው አልበም ላይ «ሚስተር ፒ.ሲ.» የሚለውን ብሉዝ በቻምበርስ ስም ሰይሞለታል፤ ይገባዋልም።

ቻምበርስ በ1935 ፒትስበርግ ተወለደ፣ ያደገው ዲትሮይት ነው። ባሪቶን ሆርንና ቱባ ነፍቶ ነው ወደ ቤዝ የመጣው። በ20 ዓመቱ ወደ ማይልስ ባንድ ገባ፤ እስከ 1963ም ቆየ። «ሶ ዋት» ያለበት «ካይንድ ኦፍ ብሉ» አልበም ሁለተኛው ቀረጻ የተደረገው 24 ዓመት በሞላበት ዕለት ነበር።

በደጋን ስለ መጫወቱም አንድ ነገር ልበል። በ1957 «ቤዝ ኦን ቶፕ» በተባለው አልበሙ «የስተርዴይስ»ን በደጋን ይጫወተዋል። ድምፁ ይሻክራል የሚሉ አሉ። ማሲንቆ እየሰማ ላደገ ጆሮ ግን ሻካራው የዜማው አካል ነው፤ ያንን መሞረድ ሙዚቃውን ማሳነስ ይመስለኛል።

ከማይልስ ከተለየ በኋላ ከፒያኒስቱ ዊንተን ኬሊና ከከበሮ ተጫዋቹ ጂሚ ኮብ ጋር በትሪዮ ሠራ። መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ ጎድተውት ነበር። ጃንዋሪ 4 ቀን 1969 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ገና 33 ዓመቱ ነበር። በዚህ ዕድሜ ብዙዎቻችን ድምፃችንን ገና እየፈለግን ነው።

ቤዝ የምትጀምሩ ልጆች፣ የእሱን ሶሎዎች ለጊዜው አቆዩአቸው። «ሶ ዋት»ን ክፈቱና ትራምፔቱን ትታችሁ ቤዙን ብቻ ተከተሉ፤ ባሩን በጣታችሁ ቁጠሩ። ሃያ አራቱን ሳትስቱ ከጨረሳችሁ በኋላ ቤዛችሁን አንሱና የራሳችሁን 96 ኖታ ሞክሩ።